የዳሽቦርድ ነጸብራቅ በፊት መስታወት ላይ፦ ድሬና ሐረር ለምንነዳ ሰዎች

ከድሬዳዋ ተነስቶ በቀትር የደንገጎን ዳገት የወጣ ሾፌር ሁሉ ይህን ነገር ያውቀዋል። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። መንገዱ ይጠማዘዛል። ዓይናችሁ ኩርባውን ይፈልጋል፤ መስታወቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያችኋል። የዳሽቦርዱ ስፌት፣ የአየር ማውጫው ቀዳዳ፣ ትናንት የጣላችሁት የነዳጅ ደረሰኝ፣ የሶፍቱ ካርቶን፣ ሁሉም አስፋልቱ ላይ ተንሳፍፈው ይታያሉ።

እኔ ለዓመታት ችዬው ነዳሁ። "ፀሐይ ነው፣ ምን ይደረጋል" እያልኩ። አንድ ቀን ወደ 6 ሰዓት ገደማ ሽቅብ ስወጣ ግን ከመንገዱ ዳር የገባች ግመል ያየሁት አፍንጫዬ ሥር ከደረስኩ በኋላ ነው። ግመሏ የአቧራ መልክ ነበራት። ዳሽቦርዴም ነጣ ያለ ግራጫ ነበር። ነጸብራቁ ልክ እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ፍሬን ይዤ ቆምኩ፤ ማንም አልተጎዳም። ከኋላዋ ግን አንድ እረኛ ልጅ ነበር። እሱንም አላየሁትም ነበር። እስከ ዛሬ ያ ልጅ ዓይኔ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩት ነገር የለም። የሠራውንም፣ ያልሠራውንም እጽፍላችኋለሁ። ዋናውን ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ፦ ገንዘባችሁን መስታወቱ ላይ አታፍስሱ። ዳሽቦርዱን አጨልሙት።

ነገሩ ከየት ይመጣል?

ፀሐይ በፊት መስታወት ገብታ ዳሽቦርዱ ላይ ታርፋለች። ዳሽቦርዱ ከዚያ ብርሃን የተወሰነውን ወደ ላይ ይመልሳል። ያ ብርሃን ተመልሶ ሲወጣ የመስታወቱን የውስጥ ገጽ ያገኛል። ከፊሉ ያልፋል፣ ከፊሉ ወደ ዓይናችሁ ይታጠፋል። ያ የታጠፈው ነው ነጸብራቁ።

ንጹሕ መስታወት እንኳ ብርሃንን ሁሉ አያሳልፍም። ቀጥ ብሎ ከመታው ብርሃን 8 በመቶ ገደማውን ይመልሳል። ብርሃኑ ተጋድሞ ሲመጣ የሚመለሰው ይበዛል። በ60 ዲግሪ ሲመጣ 16 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የዛሬ መኪኖች የፊት መስታወት በጣም የተጋደመ ነው፤ ንፋሱን እንዲቀዝፍና ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ ነው። ከሥሩ ያለው ዳሽቦርድም እንደ ጠረጴዛ ረጅም ሆነ። ማለትም ፀሐይ የምታርፍበት ሜዳ ሰፋ፣ መስታወቱም መላሽ ሆነ።

ልዩነቱን ማየት የፈለገ ሐረር ይውጣ። ሐረር ለረጅም ዘመን በታክሲነት የምታውቀውን ፔጆ 404 ታስታውሳላችሁ? በፈረንጆቹ 1960 ገበያ የወጣ መኪና ነው። መስታወቱ ከዛሬዎቹ ይልቅ ቀና ያለ ነው፣ ዳሽቦርዱም አጭር ነው። በአንድ የድሮ 404 ውስጥ ከፊት ተቀምጣችሁ ከፈረስ መጋላ ወደ ሸዋ በር ብትሄዱ የዳሽቦርዱን ምስል መንገዱ ላይ ብዙም አታዩትም። እርጅናው አይደለም የሚረዳው፤ ቅርጹ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ የኛ አገር ፀሐይ ነው። ድሬና ሐረር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በሚያዝያ 6 ገደማ እና በነሐሴ 22 ገደማ። በእነዚያ ቀናት እኩለ ቀን ላይ የቆመ ምሰሶ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ብርሃኑ በተጋደመው መስታወት በኩል ቁልቁል ዳሽቦርዱ ላይ ይወርዳል። ከላይ ያለውን የፀሐይ መከላከያ ብታወርዱት ዋጋ የለውም። እሱ ዓይናችሁን ነው የሚከልለው፣ ዳሽቦርዱን አይከልልም።

በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከድሬ ወደ ደንገጎ የሚወጣው መንገድ በአጠቃላይ ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣ ሰው ቀትር ላይ ከተነሳ ፀሐይን ፊት ለፊት ይዟት ነው የሚወጣው። መንገዱም በዚያ ሰሞን በእግረኛ ይሞላል። ጠዋት ከደንገጎ በሐሮማያና በአወዳይ አድርጎ ወደ ሐረር ለሚሄድ ፀሐይዋ ከፊት ናት። ከሰዓት በኋላ ለሚመለስም እንደገና ከፊት ናት።

በጣም አደገኛው ቅጽበት ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ከደማቅ ፀሐይ ወደ ጥላ ልትገቡ ስትሉ ያለችው ጥቂት ሰከንድ። የድሬዋን ባለዛፍ ሰፈር፣ ከዚራን አስቡ። እናንተ ገና ፀሐይ ላይ ናችሁ፣ ዳሽቦርዱ ቦግ ብሏል። ከፊታችሁ ያለው መንገድ ግን በዛፎቹ ጥላ ጨልሟል። ከጨለማው የሚመጣው ብርሃን ትንሽ ነው፣ ከዳሽቦርዱ የሚመጣው ብዙ ነው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ያሸንፋል። ጥላው ውስጥ የቆመች ባጃጅ፣ ከግንዱ ኋላ የምትወጣ ሕፃን፣ ሁለቱም ይጠፋሉ። ደንገጎ ላይ ተራራው ጥላውን በጣለበት ኩርባ ላይም እንደዚሁ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ስትደርሱ፣ ሌላውን ሁሉ ባታደርጉ እንኳ፣ እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ።

መጀመሪያ መርምሩ

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ሃያ ደቂቃ ስጡት። ቀትር ላይ መኪናውን ገላጣ ቦታ አቁሙ። ከፊታችሁ ጨለም ያለ ነገር ይሁን፦ የዛፍ ጥላ፣ ክፍት የጋራዥ በር፣ ጥቁር አጥር። በተለመደው አቀማመጣችሁ ተቀመጡና በመስታወቱ አሻግራችሁ እዩ።

አሁን ጥቁር ጨርቅ የዳሽቦርዱ ግማሽ ላይ ዘርጉ። ጥቁር ጋቢ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ያገኛችሁት ይሁን። ዘርግታችሁ እንደገና እዩ። ጨርቅ ባለበት በኩል ያለው ዓለም ከጠራ፣ ሌላው በኩል ከደበዘዘ፣ ችግራችሁ ዳሽቦርዱ ነው። የቀረው የዚህ ጽሑፍ ክፍል ለእናንተ ነው።

ጨርቁን ዘርግታችሁም ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር ካልጠፋ፣ መስታወቱ ከውስጥ ቆሽሿል። በጣታችሁ አንድ መስመር አስምሩበት። መስመሩ ከታየ ተረጋገጠ።

ፀሐይዋ ስትመታው ክብ ክብ እየሠራ የሚያብለጨልጭ ጭረት ካያችሁ ደግሞ መስታወቱ ከውጭ ተጎድቷል። የድሬ አቧራ አሸዋ አለው። ደረቅ አቧራ ላይ የዝናብ መጥረጊያ ያስነሳ ሰው መስታወቱን በአሸዋ ወረቀት እንዳሸ ቁጠሩት። ለዚህ መፍትሔው መስታወት መቀየር ነው፤ ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነው።

አብዛኛው ሰው ሁለቱ አንድ ላይ ይኖሩበታል፣ ዳሽቦርዱም፣ የውስጥ ቆሻሻውም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ዳሽቦርዱን ባዶ አድርጉት

ይሄ ነፃ ነው፣ ዛሬውኑ ይሠራል። ነጭ ወረቀት፣ የሶፍት ካርቶን፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የሚያብለጨልጭ ሽቶ፣ መነጽር፣ ሳንቲም፣ ሁሉንም አንሱ። ብርቅ የሆነባችሁ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ካለ ከዓይን መስመር ወጣ ያለ ቦታ ፈልጉለት። ነጭ ወይም ቀይ ጸጉራም ምንጣፍ ያነጠፋችሁ ካላችሁ እሱም ይውጣ። ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን ቀትር ላይ መስታወታችሁን በሙሉ ቀይ ያደርገዋል።

የመኪና ወረቀት ዳሽቦርድ ላይ የመተው ልማድ አለብን፣ ትራፊክ ሲያስቆመን እንዲቀርበን። በር ኪስ ውስጥ ይግባ።

ቅባቱን አጥቡት

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ላቫጆ ሄዳችሁ መኪናችሁ ሲታጠብ ልጆቹ መጨረሻ ላይ ዳሽቦርዱን የሚያብረቀርቅ ቅባት ይቀቡታል። ደግ አስበው ነው፣ አዲስ እንዲመስል። አንድ ጊዜ እኔም ሳላይ ተቀብቶልኝ ወጣሁ። በማግስቱ ወደ ሐረር ስሄድ ዳሽቦርዱ መስታወት ሆኖ ሰማዩን በሙሉ መለሰብኝ።

ጥቁር ዳሽቦርድ እንኳ ካብረቀረቀ ጥቁርነቱ አይጠቅምም። ስለዚህ ሳትታጠቡ በፊት "ዳሽቦርዱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ፣ ቅባት አልፈልግም" በሉ። ደግማችሁ በሉ።

የተቀባውን ለማስለቀቅ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ። ጨርቅ ነክራችሁ ጥሩ አድርጋችሁ ጨምቁት። አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ እሹ፣ በሌላ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን አንሱ፣ አድርቁ፣ ወደሚቀጥለው ሂዱ። አንዴ አይበቃም። የኔ የለቀቀው በሦስተኛው ነው። በረኪናና ቤንዚን እንዳትሞክሩ፤ ፕላስቲኩን ያነጡታል፣ ይሰነጥቁታልም። ውሃ ወደ አየር ማውጫውና ወደ ሬዲዮው እንዳይወርድ ተጠንቀቁ።

መስታወቱን ከውስጥ አጽዱት

በድሬ ሙቀት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርዱ 70 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ፕላስቲክ እንዲህ ሲግል ከውስጡ ዘይት የመሰለ እንፋሎት ይወጣል። ያ እንፋሎት መስታወቱ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። የአዲስ መኪና ሽታ የምንለው አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። በላዩ አቧራ ሲጨመርበት ስስ መጋረጃ ይሠራል። መጋረጃው የፀሐይን ብርሃን ይበትነዋል፣ ነጸብራቁንም ያገንነዋል። ሲጋራ የሚጨስበት መኪና ደግሞ የባሰ ነው።

ሥራውን በማለዳ ጥላ ውስጥ ሥሩት። መስታወቱ ከጋለ ፈሳሹ ሳታሹት ይደርቅና ዥንጉርጉር ይተዋል።

ሦስት ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ያዙ። መጀመሪያ በውሃ በረጠበው አቧራውን አንሱ። ቀጥሎ ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል ሁለተኛው ጨርቅ ላይ፣ መስታወቱ ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ፣ አድርጋችሁ እሹ። አልኮሉ ዳሽቦርዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፎጣ አንጥፉ። ዘይቱን የሚያነሳው ይሄ ነው። ጨርቁን ብትመለከቱት ቢጫ ይሆናል ወይም ይጠቁራል፤ ገጹን እየገለበጣችሁ ቀጥሉ። አልኮል ከሌላችሁ አቼቶን በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ ሞክሩት። ሽታው በመስኮት ይወጣል። በሦስተኛው ደረቅ ጨርቅ ጨርሱ።

አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ከውስጥ ስታደርቁ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። ከውጭ ስታደርቁ ከግራ ወደ ቀኝ ጥረጉ። በኋላ ዝንጉርጉር ከቀረ የመስመሩ አቅጣጫ በየትኛው ወገን እንዳለ ይነግራችኋል።

ከታች፣ መስታወቱና ዳሽቦርዱ የሚገናኙበት ጠባብ ቦታ፣ እጅ አይደርስም። ጨርቁን ማስመሪያ ላይ ጠቅልላችሁ ግቡ። ብዙ ሰው ይህችን ቦታ ይተዋታል። ነጸብራቁ የሚጠናው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው።

ዋናው ሥራ፦ የጥቁር ከፋይ (ቬልቬት) ልባስ

ከዚህ በፊት ያልነው ሁሉ ነገሩን ይቀንሰዋል። የሚፈታው ይሄ ነው።

ጥቁር ጨርቅ ሁሉ አንድ አይደለም። የሚያብለጨልጭ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ጥቁር ቢሆንም ብርሃን ይመልሳል። ቆዳ መሰል ላስቲክም እንዲሁ። የሚፈለገው ብርሃን ገብቶበት የማይወጣ፣ ጸጉር ያለው ጨርቅ ነው። ከሁሉ የተሻለው ከፋይ ነው። አጫጭር ጸጉሮቹ መሐል የገባው ብርሃን እየተጋጨ ይቀራል። ሱቅ ስትሄዱ ጨርቁን በራፍ ላይ አውጡት፣ በፀሐይ አጋድማችሁ እዩት። የሚያበራ መስመር ከሠራ ተዉት። ጉድጓድ መስሎ ከጠቆረ ውሰዱት። ለአንድ አነስተኛ የቤት መኪና ሁለት ሜትር ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ከፋይ አቅጣጫ አለው። በአንድ በኩል ሲታይ ጥቁር ነው፣ ሲያዞሩት ነጣ ይላል። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ዳሽቦርዱ ላይ ዘርጉት፣ መሪው ላይ ተቀመጡና በመስታወቱ ውስጥ ምስሉን እዩ። ከዚያ ጨርቁን አዙራችሁ ደግማችሁ እዩ። የጨለመውን ምረጡና በጠመኔ ቀስት አድርጉበት። ይህንን ባለማወቄ የመጀመሪያውን ልባሴን ገልብጬ ነው ያሰፋሁት።

ቀጥሎ ንድፍ ነው። አሮጌ ጋዜጦችን በፕላስተር አጣብቃችሁ ዳሽቦርዱን የሚያክል ወረቀት ሥሩ። ከዳር እስከ ዳር አንጥፉትና ጠርዙን በጣት እየተጫናችሁ ምልክት አድርጉ። አሁን የሚቆረጡትን ቦታዎች ለዩ።

አንደኛው የኤር ባግ ክዳን ነው። በብዙ መኪና ከተሳፋሪው ፊት ዳሽቦርዱ አናት ላይ አራት ማዕዘን መስመር ወይም ጽሑፍ አለ። ኤር ባግ የሚወጣው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው፤ መውጫው ላይ የተለጠፈ ጨርቅ ካገኘ አቅጣጫው ሊዛነፍ ይችላል፣ ጨርቁንም ወደ ሰው ይወረውራል። እዚያ ቦታ ላይ ልባሱን ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። ያ ክፍል ትንሽ ነጸብራቅ ይተዋል። ይተው። በተሳፋሪው በኩል ነው፣ ልትችሉት የምትችሉትም ነው።

ሁለተኛው ከመስታወቱ ሥር ያለው ረጅም የአየር ማውጫ ነው። ድሬ ላይ ጥቅሙ አይታያችሁም። በክረምት ደንገጎ ላይ ጉም ሲወርድና መስታወቱ ከውስጥ እንፋሎት ሲለብስ ግን ያ አየር ብቻ ነው የሚያድናችሁ። ሦስተኛው፣ መብራት በራሱ የሚያበራ መኪና ካላችሁ፣ መስታወቱ ሥር ያለች ትንሽ ጥቁር ጉብታ አለች። ብርሃን የምታነብ ናት፣ አትሸፍኗት። የፍጥነት መለኪያው ግንባር ላይም ጨርቁ ወደ ፊት እንዳይንጠለጠል።

ንድፉን ይዤ የሄድኩት ሐረር ጀጎል፣ መኪና ግርግር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው፤ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ስትገቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰፊዎቹ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። አንድ ሽማግሌ ሰፊ ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና "አቦ፣ ይሄ የምን ቀሚስ ነው?" አሉኝ።

"የመኪና ነው አባባ። ፀሐይ እንዳያስቸግረኝ።"

"መኪናህን አምጣው እንጂ ወረቀት ምን ይሠራል!"

ልክ ነበሩ። መኪናዋን በሩ አጠገብ አቁሜ በእግራችን ሄድን። ወረቀቱ ያላየውን ጎድጓዳ ቦታ በእጃቸው ዳስሰው ሁለት ቦታ እጥፋት ጨመሩበት። ያለዚያ ጨርቁ መሐሉ ላይ ተንሳፍፎ ይቀር ነበር። እናንተም ወረቀቱን ብቻ አትላኩ። ሰፊው ዳሽቦርዱን በዓይኑ ይየው።

ከሥሩ ስስ ገበር ይኑረው፣ ዳር ዳሩ ይቀመቀም። የስፌቱ ክር ጥቁር ይሁን። ነጭ ክር የተሰፋበት አንድ ልባስ አይቻለሁ፤ ቀጭኗ መስመር አስፋልቱ መሐል ላይ ተዘርግታ ትታይ ነበር።

ማጣበቂያው ላይ ስህተት አትሥሩ። ማስቲሽ በፍጹም። በሙቀቱ ይቀልጣል፣ ይሸታል፣ ሲነሳም ዳሽቦርዱን ይዞ ይነሳል። እንደ ጫማ ማሰሪያ የሚጣበቅና የሚላቀቅ ቬልክሮ ተጠቀሙ። ጠንካራውን ወገን በጥንቃቄ በአልኮል ባጸዳችሁት ደረቅ ቦታ ላይ ለጥፋችሁ አንድ ቀን ሳትነኩት አሳድሩት። አራቱ ጥጎች ላይና መሐሉ ላይ አንድ አንድ ይብቃ፤ ከኤር ባጉ ክዳን ራቁ። ከዚያ በሁለት እጅ ያዙና ወደ ጎን ጎትቱት። ከተንሸራተተ ጨምሩ። ደንገጎ ኩርባ ላይ ተንሸራትቶ እግራችሁ ሥር የሚወድቅ ጨርቅ ከነጸብራቁ የከፋ ነው።

ዝግጁ ሆኖ የሚሸጥ የዳሽቦርድ ምንጣፍ ካገኛችሁ መጥፎ አይደለም፣ ለመኪናችሁ ሞዴል የተቆረጠና ጥቁር ከሆነ። ዳሽቦርዱን ቀለም ስለማስቀባት የሚጠይቁኝ አሉ። ለፕላስቲክ የተሠራ የማያብረቀርቅ ቀለምና ጥሩ ባለሙያ ካለ ይሆናል፤ በተራ የመኪና ቀለም ግን ከአንድ በጋ አያልፍም።

መነጽር

ልባሱ እስኪሰፋ፣ ወይም የሰው መኪና ስትነዱ፣ ፖላራይዝድ መነጽር ትልቅ ረዳት ነው። ከተጋደመ መስታወት የሚመለስ ብርሃን በአብዛኛው በአግድም ይርገበገባል። ይህ በጣም የሚጠናው ብርሃኑ በ56 ዲግሪ ገደማ ሲመጣ ነው፤ የመኪና መስታወት አጋደም ለዚያ ቅርብ ነው። ፖላራይዝድ መነጽር አግድሙን ይዘጋል። ስታደርጉት ዳሽቦርዱ ከመንገዱ ላይ ሲጠፋ ታያላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው አውልቄ፣ አድርጌ፣ አውልቄ ነው የተመለከትኩት።

ገበያ ላይ "ፖላራይዝድ ነው" የሚባለው ሁሉ ግን አይደለም። ድሬ ታይዋን ገበያ ስትገዙ እንዲህ ፈትኑት። በአንድ እጅ መነጽሩን ዘርጉና በሌንሱ ውስጥ ከቆመ መኪና መስታወት ወይም ኮፈን ላይ የሚመለሰውን ብርሃን እዩ። ከዚያ መነጽሩን እንደ መሪ ሩብ ዙር አዙሩት። ብርሃኑ ከደበዘዘ እና ተመልሶ ከደመቀ እውነተኛ ነው። ምንም ካልተለወጠ ጥቁር ፕላስቲክ ነው የያዛችሁት።

ሁለት ነገር እወቁ። የአንዳንድ መኪና ስክሪንና የስልክ ስክሪን በፖላራይዝድ መነጽር ይጨልማል፣ ከመንዳታችሁ በፊት የፍጥነት መለኪያችሁን አረጋግጡ። ሲመሽ ደግሞ አውልቁት፤ ማንኛውም ጥቁር መነጽር በጨለማ የምትፈልጉትን ብርሃን ይወስድባችኋል።

መስታወቱን ስለማጥቆር

"የፊቱን መስታወት ስስ ፊልም አስለጥፍ፣ ይጠፋልሃል" ያለኝ ሰው ነበር። አይጠፋም፣ ይብሳል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ፊልሙ የሚለጠፈው ከውስጥ ነው። ከመንገዱ የሚመጣው ብርሃን በፊልሙ ማለፍ አለበት፣ ስለዚህ ይቀንሳል። ከዳሽቦርዱ የሚመጣው ግን የፊልሙን የውስጥ ገጽ ነክቶ ይመለሳል፣ አብዛኛው አይቀንስም። መንገዱ ጨለመ፣ ነጸብራቁ ግን እዚያው አለ። ማታም አለ። በዚያ ላይ የፊት መስታወት ማጥቆር ከትራፊክ ጋር ያነካካል። ከላይ ጫፍ ላይ ያለች ጠባብ ጥላ ግን ዝቅ ላለች ፀሐይ ትጠቅማለች፣ እሷን አልቃወምም።

ማታ

ማታ ላይ ነጸብራቁ የሚመጣው ከመኪናው ውስጥ ካለ መብራት ነው። የስልክ ስክሪን፣ ትልልቅ የሬዲዮ ስክሪኖች፣ ዳሽቦርዱ ዙሪያ የሚለጠፉ ባለቀለም መብራቶች። ጌጠኞቹን አጥፉ። የዳሽቦርዱን መብራት የምታደበዝዝ ትንሽ ጎማ ወይም ቁልፍ ብዙ ጊዜ ከመሪው በስተግራ አለች፤ ቁጥሩ እስከሚነበብ ድረስ ብቻ ይብራ። ስልካችሁን በካርታ ከተጠቀማችሁ የማታ መልኩን ምረጡና ከመስታወቱ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከደንገጎ በማታ ስትወርዱ ተሳፋሪው የውስጥ መብራት ከፍቶ የሆነ ነገር ሲፈልግ ዝም አትበሉ። "አንዴ አጥፋው" በሉ፣ ወይም ዳር ያዙ።

እንዳይመለስ

ከፋይ አቧራ ይወዳል። የድሬ አቧራ ደግሞ ነጭ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቁሩ ልባሳችሁ ግራጫ ይሆናል፣ ነጸብራቁም ቀስ እያለ ይመለሳል። ቀስ እያለ ስለሆነ አታስተውሉትም። እኔ ዓርብ ዓርብ ፕላስተር እጄ ላይ ገልብጬ ጠቅልዬ በላዩ አንከባልለዋለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መስታወቱን ከውስጥ በወር አንዴ አጸዳለሁ። ስታቆሙ ደግሞ የሚታጠፈውን የፀሐይ መከላከያ ካርቶን ከመስታወቱ ጀርባ አቁሙ፤ ዳሽቦርዱ ካልጋለ እንፋሎቱም ይቀንሳል።

በወር ወይም በሁለት ወር ልባሱን ከቬልክሮው ላይ አላቅቁና አራግፉት። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ እጠቡት፣ ሳትጨምቁ ጥላ ላይ ዘርጉት። ሲደርቅ ጸጉሩን በለስላሳ ብሩሽ ወደ ቀስቱ አቅጣጫ አስተኙት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትመልሱት። እርጥቡን አንጥፋችሁ ማለዳ ደንገጎ ከወጣችሁ ብርዱ ላይ መስታወቱ ከውስጥ በእንፋሎት ይሸፈናል።